የሕፃኑ የመጀመሪያ ገንፎ፦ የቤት ዱቄት፣ የገበያ ዱቄት ወይስ የቆርቆሮው? ለሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች የንጽጽር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የሕፃን ምግብ ዱቄት ከሚሸጥባቸው ሱቆች አንዱ በር ላይ ጥቂት ብትቆሙ «ስንት ዓይነት እህል አለበት?» የሚለውን ጥያቄ ሳትሰሙ አትመለሱም። ሰባት ያለው ነጋዴ ዘጠኝ ባለው ይበለጣል፤ ዘጠኝ ያለው ደግሞ አሥራ ሁለት ባለው። ዋጋውም ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይወጣል።

ቁጥሩ ግን ብዙ አይነግርም። ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ ጤፍና ማሽላ አምስት ስም ቢኖራቸውም ለሕፃኑ ሰውነት የአንድ ወገን ምግብ ናቸው፤ ሁሉም በዋናነት ኃይል ሰጪ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከ6 እስከ 23 ወር ያለ ሕፃን የሚመገበውን በ8 ወገን ይከፍሉታል፦ የእናት ጡት ወተት፤ እህልና ሥራ ሥር፤ ጥራጥሬ፤ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፤ ሥጋ፣ ጉበትና ዓሣ፤ እንቁላል፤ እንደ ካሮትና ጎመን ያሉ የቫይታሚን ኤ አትክልትና ፍራፍሬ፤ ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬ። ሕፃኑ በቀን ቢያንስ ከ5ቱ ማግኘት አለበት። ጡት እየጠባ አሥራ ሁለት እህል የተቀላቀለበት ገንፎ ብቻ የበላ ልጅ፣ በዱቄቱ ውስጥ ጥራጥሬ ካለ 3 ወገን አገኘ፤ ከሌለ 2። ጡት እየጠባ የገብስና የባቄላ ገንፎ ከእንቁላልና ከተፈጨ ካሮት ጋር የበላው ግን 5ቱን ሞልቷል።

ነገሩ እህል በማይጠፋበት አገር መሆኑ ነው የሚያሳዝነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ነበሩ፤ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶ። በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናት አገራዊው 37፣ የክልሉ 41 በመቶ ገደማ ሆነ። በ2016ቱ ጥናት መሠረት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በዓይነትም በድግግሞሽም ተቀባይነት ያለው ምግብ የሚያገኙት በአገር ደረጃ 7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ነው «የትኛው ዱቄት?» የሚለውን ጥያቄ ባልንቀውም ሁለተኛ ቦታ የምሰጠው። ዱቄቱ ላይ ምን ይጨመር፣ ምን ያህል ይወፍር የሚሉት ይቀድሙታል። ሆኖም አንባቢ የሚጠይቀው ስለ ዱቄቱ ነውና ከዚያው እንጀምር።

አራቱ የዱቄት ምርጫዎች

በቤት የሚዘጋጀው ዱቄት በዋጋ ማንም አይደርስበትም፤ የገባበትንም ታውቃላችሁ። ልኩ ቀላል ነው፦ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። እህሉ ገብስ ቢሆን ስንዴ፣ ጥራጥሬው ባቄላ ቢሆን ሽምብራ ወይም ምስር ለውጡ ትንሽ ነው። ጥራጥሬው አድሮ ይዘፈዘፍ፣ ይድረቅ፣ ታምሶ ይከካ፣ ገለባው ይውጣ። ይህ ልፋት ከንቱ አይደለም፤ ብረትና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል፣ የሕፃኑንም ሆድ ከመንፋት ያሳርፋል። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ በርበሬ ከተፈጨበት ቀጥሎ አታስፈጩ፤ ያስፈጫችሁ እንደሆነ ገና ግማሽ ዓመት የሞላው ምላስ ይነግራችኋል። ከአንድ ወር ፍጆታ በላይም አታስፈጩ። እርጥበት ያገኘው ወይም የሻገተ እህል «ቢታመስ ይድናል» አይባልም፤ ሻጋታው የሚተወው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በማመስ አይጠፋም።

አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሸዋ ጥቁር አፈር ላይ ጓያ ይዘራል፤ ርካሽ ነው፣ ድርቅም ይችላል፣ ከአተርና ከሽምብራ ጋር ተቀላቅሎ ሽሮ ይሆናል። በብዛትና ለረጅም ጊዜ የተበላ ጓያ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ለሕፃን በሚዘጋጅ ዱቄት ውስጥ ጓያ በምንም መጠን አይግባ። የቤቱን ሽሮ ለልጁ ገንፎ ማዋል የለመዱ ቤቶች ሽሮው ከምን እንደተዘጋጀ በደንብ ይጠይቁ።

ሁለተኛው በየሱቁ ተቀላቅሎና ተፈጭቶ በፌስታል የሚሸጠው ነው። እኔ ከአራቱ የመጨረሻ ደረጃ የምሰጠው ለዚህ ነው። የቤቱን ያህል አይታወቅም፣ የፋብሪካውን ያህል ቫይታሚን አልተጨመረበትም፣ መቼ እንደተፈጨም የሚነግር ጽሑፍ የለውም። ከሚታወቁና ንጹሕ ከሆኑ እናቶች የምትገዙ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔም የጥራጥሬው ድርሻ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። «ለውዝም አለበት» ሲባል ደስ ከመሰኘት በፊት ለውዙ እንዳልሻገተ ማየት ይገባል።

ሦስተኛው የአገር ውስጥ ፋብሪካ ዱቄት ነው፤ ስሙ የሁሉም መጠሪያ የሆነው ፋፋ ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር ከተጀመረ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። የዚህ ወገን ትልቁ ጥቅም እህልና ጥራጥሬው ተመጥኖ መግባቱና ቫይታሚንና ማዕድን የሚጨመርበት መሆኑ ነው። ልጁ ከ6 ወር በኋላ ከእናቱ ወተት ብቻ የማያገኘው ብረት ነው፤ የቤት ገንፎም በብረት ረገድ ደካማ ነው። ጤፍ ብረት አለው የሚባለው እውነት ቢሆንም አብዛኛው ከአውድማው አፈር የመጣና ሰውነት በቀላሉ የማይጠቀምበት ነው። ስለዚህ ሥጋም እንቁላልም አልፎ አልፎ ብቻ በሚገኝበት ቤት በብረት የበለጸገ የፋብሪካ ዱቄት ከቤቱ ይሻላል ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። ማሸጊያው ላይ የተጨመሩትን ንጥረ ነገሮች፣ የስኳሩን መጠንና የአገልግሎት ጊዜውን አንብቡ።

አራተኛው ከውጭ የሚመጣው የቆርቆሮ ወይም የካርቶን ምግብ ነው። መጥፎ ምግብ አይደለም። ችግሩ ዋጋው ነው፤ ውድ የሆነ ነገር በቤታችን ይቆጠባል። አንድ ቆርቆሮ ወር ያዳርስ ተብሎ በማንኪያ እየተለካ በውሃ ሲቀጥን ልጁ የሚጠጣው ጣፋጭ ውሃ ይሆናል። የአንዱን ቆርቆሮ ዋጋ ለስንት እንቁላል እንደሚበቃ አስሉት፤ ስሌቱን ካያችሁ በኋላ ምርጫው የእናንተ ነው።

እንደየአገሩ አቀማመጥ

ሰሜን ሸዋ አንድ ወጥ አገር አይደለም። ከጣርማ በር ቁልቁል ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ድረስ የወረደ ሰው ብርዱን ትቶ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ሌላ ማዕድ ያገኛል።

በመንዝና በአንኮበር ደጋ ገብስና ባቄላ አለ፤ በግም አለ። የሚጎድለው አትክልትና ፍራፍሬ ነው። እዚህ የመጀመሪያው ምርጫ የገብስና የባቄላ ገንፎ ነው፤ የጓሮ ጎመን፣ ከተቻለ ካሮትና ዱባ በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ በስሎና ተፈጭቶ ይጨመርበት። ደጋ ላይ አንድ የማይታሰብ እንቅፋት አለ፦ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ባቄላና አተር ለመብሰል ብዙ ጊዜና ብዙ ማገዶ የሚፈጁት ለዚህም ነው። ማገዶ ውድ በሆነበት አገር ጥራጥሬውን ሙሉውን ከመቀቀል ይልቅ ታምሶ፣ ተከክቶና ተፈጭቶ መጠቀሙ ያዋጣል። በሶም የመንዝ ኩራት ነው፤ ለሕፃን ግን ብቻውን ገብስ ነው። ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ ለመስጠት ካሰባችሁ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ወይም በፈላ ወተት በጥብጡት፤ ከወንዝ ወይም ከምንጭ በተቀዳ ጥሬ ውሃ አይሁን።

በሞረትና ጅሩ፣ በምንጃር ሸንኮራና በአካባቢያቸው ስንዴ፣ ጤፍ፣ ሽምብራና ምስር እንደ ልብ ናቸው። ለዱቄት የሚመች አገር ይህ ነው። ምስር ቶሎ ስለሚበስል ለሕፃን ከሁሉም ጥራጥሬ የሚቀለው ይመስለኛል። ፈተናው ሌላ ነው፤ ምርቱ ሁሉ ለገበያ ሲሄድ የቤቱ ልጅ ነጭ ጤፍ እንጀራ ፍትፍት ብቻ ይተርፈዋል።

በቆላው፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ማሽላ አለ፤ ከዚያም በላይ ማሾ አለ። ማሾ በአብዛኛው ለሽያጭ ነው የሚመረተው፤ ለሕፃን ገንፎ ግን ቶሎ የሚበስልና ለሆድ የሚለሰልስ ጥራጥሬ በመሆኑ ከጆንያው አንድ ሁለት ጣሳ ለቤት ቢቀር ይገባዋል። ፓፓያና ማንጎም አለ። ምግቡ ላይ ፍሬ ጨምሮ መስጠት ከጥራጥሬው የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል። ሻይና ቡና ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ከተማ ውስጥ ለልጅ በየማለዳው ዳቦ በሻይ የመስጠት ልማድ ቢቀር ወጪም ይቀንሳል።

ገንፎ ወይስ አጥሚት?

እዚህ ላይ ማመንታት የለም፤ ገንፎ። የ8 ኪሎ ሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ሩብ ሊትር ገደማ ነው። ያ ቦታ በቀጭን አጥሚት ከተሞላ ልጁ ጠግቦ ተርቧል ማለት ነው፤ አያለቅስም፣ ግን አያድግም። ከጡት ወተት በተጨማሪ ከምግብ የሚያስፈልገው ኃይል ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 200፣ ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከ12 እስከ 23 ወር 550 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ የማይፈስ ገንፎ ይህን ይደርሳል፤ እንደ ውሃ የሚንቆረቆረው አይደርስም። በጡጦ የሚጠጣ አጥሚት ደግሞ ሁለት ጥፋት አለበት፦ ቀጭን መሆኑ፣ የጡጦው ጫፍም ለመታጠብ አስቸጋሪ መሆኑ።

«ወፍራሙን አይውጥልኝም» የሚሉ እናቶች እውነት አላቸው። መፍትሔው ውሃ ሳይሆን ብቅል ነው። ጠላ በሚጠመቅበት አገር ብቅል ለማንም አዲስ አይደለም። የገብስ ወይም የስንዴ ብቅል አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ከእሳት የወረደና ትንሽ በረድ ያለ ወፍራም ገንፎ ላይ ሲጨመርና ሲማሰል በደቂቃዎች ውስጥ ይለሰልሳል፤ ኃይሉ ግን አይቀንስም። ከዚያ መልሶ ትንሽ ማፍላት ለንጽሕናው ይበጃል። የጠላ ብቅል ለዚህ አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ሻጋታ ይነካዋል። ለልጁ ለብቻ በንጹሕ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በቀለ በ2 ወይም በ3 ቀን ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ቡቃያውና ሥሩ ታሽቶ ወጥቶ ይፈጭ። የማሽላ ብቅል ግን ለሕፃን አትጠቀሙ፤ ቡቃያው መርዛማ ንጥረ ነገር አለው።

ድግግሞሹ፦ ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፤ ከ9 ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ፣ በመሃልም አንድ ሁለት ጊዜ መክሰስ። በጥቂት ማንኪያ ተጀምሮ ወደ ግማሽ ኩባያ፣ ከዓመት በኋላ ወደ ሙሉ ኩባያ ይደርሳል። ከ6 ወር በፊት ግን ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ ለአራስ ልጅ የሚላሰው ቅቤም አያስፈልግም። ጎረቤት የሚያስቸኩላትን ያህል እስከ 9 ወር የምትዘገይ እናትም አለች፤ ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል።

እንቁላል፣ ጉበት፣ ወተት

ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ቢበቃ እኔ እንቁላል እገዛለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ የኢኳዶር ጥናት ለ6 ወር በቀን አንድ እንቁላል ያገኙ ሕፃናት መካከል መቀንጨር ካላገኙት ጋር ሲነጻጸር በ47 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በማላዊ በ2019 የታተመው ተመሳሳይ ጥናት ግን ልዩነት አላሳየም፤ በዚያ ያሉት ልጆች አስቀድሞም ዓሣ ይመገቡ እንደነበር አጥኚዎቹ ጠቅሰዋል። መንዝ ላይ ዓሣ የት ይገኛል? ስለዚህ የእኛ ነገር ለኢኳዶር ይቀርባል። እንቁላሉ በደንብ በስሎ፣ ተፈርፍሮ ገንፎው ላይ ይሁን። ከስድስት ወር ጀምሮ ይቻላል፤ «አፉን ይይዘዋል»፣ «ንግግሩ ይዘገያል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም።

ጉበት በብረትና በቫይታሚን ኤ ከሁሉም ይበልጣል፤ በግ በታረደ ቁጥር ቁራሽ ጉበት ለልጁ ተቀቅሎና ተፈጭቶ ይሰጠው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ጥሬው ለአባወራ ይሁን ማለት አይደለም፤ ለማንም አይመከርም፣ ለልጅ ግን በፍጹም።

የላም ወተት ገንፎ ውስጥ ገብቶ መቀቀሉ መልካም ነው። ጡት ለሚጠባ ልጅ ከአንድ ዓመት በፊት ዋና መጠጥ አድርጎ ጡትን በእርሱ መተካት ግን ኪሳራ ነው፤ ብረቱ እጅግ ትንሽ ነው። በደብረ ብርሃን ዙሪያ ወተት በቅርብ ይገኛል፤ ቅርብ መሆኑ ሳይፈላ ለመጠጣት ፈቃድ አይሆንም። ብሩሴሎሲስና የከብት ነቀርሳ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። ማር ደግሞ ከአንድ ዓመት በታች አይሰጥም።

ጾሙስ? ቤተ ክርስቲያን ሕፃናትን አታስጾምም። ብዙ ጊዜ ልጁን የሚያስጾመው ድስቱ ነው፤ የጾም ድስት በእንቁላል እንዳይነካ ሲባል ሕፃኑ ሁለት ወር ያህል ሽሮ ብቻ ይበላል። ለልጁ የራሱን ትንሽ ድስትና ማንኪያ መግዛት ክርክሩን ይዘጋዋል። በሁዳዴ እንቁላል ብዙውን ጊዜ ይረክሳል፤ ለሕፃን ቤት ይህ የመግዣ ወቅት ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም ከነፍስ አባቷ ጋር ትነጋገር። በኤፍራታና በቀወት ያሉ ሙስሊም እናቶችም ለራሳቸው ወይም ለልጁ ጤና የሚሰጉ ከሆነ የረመዳንን ጾም አቆይተው ማውጣት እንደሚችሉ ሃይማኖታቸው ይፈቅዳል።

ሥራ ለምትመለስ እናት

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የጡት ብቻ ጊዜ ደግሞ 6 ወር ነው። በደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክም ሆነ በከተማው ሌሎች ፋብሪካዎች ለምትሠራ እናት ይህ የ3 ወር ክፍተት ትልቁ ፈተና ነው፤ ምርጫዎቿም ሦስት ናቸው።

አንደኛውና የሚሻለው በእጅ የታለበ የራሷ ወተት ነው። በንጹሕ፣ ክዳን ባለው ዕቃ እስከ 25 ዲግሪ በሚደርስ የክፍል ሙቀት ለ4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ እስከ 4 ቀን ይቆያል። የደብረ ብርሃን ብርድ ለአንድ ጊዜ እንኳ ይጠቅማል። ልጁ በጡጦ ሳይሆን በትንሽ ኩባያ ይጠጣ፤ ጠባቂዋ አንድ ሁለት ቀን ትለምደዋለች። እናቲቱ ማታና ሌሊት ካጠባች ወተቷ አይደርቅም።

ሁለተኛው የዱቄት ወተት ነው። እናት ማጥባት በማትችልበት ጊዜ ትክክለኛው ምትክ እርሱ ነው፤ በጤና ባለሙያ ምክር ይጀመር፣ ፈልቶ ከ70 ዲግሪ በታች ሳይወርድ በተያዘ ውሃ ይበጥበጥ፣ ከመሰጠቱ በፊት ይቀዝቀዝ፣ ልኩም አይቀነስ። ሦስተኛው በ3 ወር ወደ ላም ወተትና ወደ አጥሚት መግባት ነው። በጣም የተለመደው ይህ ነው፤ ከሦስቱም የከፋው ይህ ነው።

የእናትየዋ ማዕድ

በእርግዝና አንድ፣ በማጥባት ሁለት ተጨማሪ ምግብ በቀን። በጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒን ከቡና ጋር አይዋጥ፤ ሆድ ቢያስቸግር ከምግብ በኋላ ወይም ማታ ይወሰድ እንጂ አይተው። አራስ ቤት ገንፎው በቅቤ ርሶ ሲቀርብ የሚያምረውን ያህል፣ ከአራስነት በኋላ ባሉት ወራት እናትየዋ ከሁሉ በኋላ የተረፈውን መብላቷ አያምርም። ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፤ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር።

ምርጫው ከቤት ሲያልፍ

ልጁ ከከሳ ዱቄት መቀያየር መፍትሔ አይደለም። በቀበሌው ጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የክንዱን ዙሪያ በሜትር ይለካሉ፤ ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ልጅ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከፍተኛ፣ ከ11.5 እስከ 12.5 መካከለኛ የምግብ እጥረት ነው። ሁለቱም እግሮች ካበጡ ልኬቱ ምንም ቢሆን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። ለሕክምና የሚሰጠው ፕላምፒነት የተባለው የለውዝ ልቁጥ አንዱ ፓኬት 92 ግራም፣ 500 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ መድኃኒት ነውና ለወንድምና ለእኅት አይከፋፈልም፣ ከሱቅም አይገዛም። በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታም አይታለፍ፤ ልጁ 2 ዓመት ሲሞላው የሆድ ትል መድኃኒቱ አብሮ ይጀመራል።